ሐሞትና ዝባድ

የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ «የመኪና በር ነው» እላለሁ፤ ልጄንም እንደዚያው ብዬ ነው ያሳደግኋት።

ልጄ እዚሁ አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሥራዬን ልለቅ ነው አለችኝ። ቬትናም ውስጥ፣ ለሐሞታቸው ሲሉ ከሚያሠቃዩአቸው ሰዎች ለተወሰዱ ድቦች መጠለያ አለ፤ እዚያ ልትቀጠር ነው።

«ድብ ልታስታምሚ?» ብዬ ጮኽኩባት። «ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁት ለዚህ ነው?»

ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው፤ ቪዲዮ ነው። አንድ ድብ መዞሪያ በሌለው የብረት ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል፤ ብረቱን ሲነክስ ኖሮ ጥርሱ ረግፏል። አንድ ሰውዬ ረጅም መርፌ ሆዱ ውስጥ ሰክቶ ሐሞቱን ለመድኃኒት ይቀዳል፤ ድቡ ያቃስታል። ቀጥሎ ያው ድብ መጠለያው ደርሶ፣ ከበሩ ላይ እግሩን ወደ ሣሩ ሰደድ ያደርግና ይመልሳል።

«አባዬ፣ ሣር ረግጦ አያውቅማ! ምን ዓይነት ሰው ነው አኒማል እንደዚህ ቶርቸር የሚያደርገው?»

ሐሞቴ ፈሰሰ። ስንቴ ያልኩት አባባል ነው፤ ሐሞት በእውነት ሲፈስ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆነማ አውቃለሁ። አባቴ ኢሉባቦር ውስጥ ጥሪኝ ያረባ ነበር። ከአውሬው ጅራት ሥር የሚወጣው ዝባድ ለሽቶ ይሸጣል። ጥሪኙ ዕድሜ ልኩን ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ነው። በየዘጠኝ ቀኑ እኔ የኋላ እግሮቹን በቀዳዳው ጎትቼ እይዛለሁ፤ አባቴ በቀንድ ማንኪያ ይፍቃል፣ ደም እስኪቀላቀል ይፍቃል። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመልጥም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ልጄን እንዳላጣት ፈራሁ፤ ዋሽቼ ልሸኛት ግን አልሆነልኝም።

«እንደ እኔ ዓይነት ሰው» አልኳትና ነገርኳት። ጣቴንም አንዱ ጥሪኝ ገንፎ ስሰጠው እንደቆረጠው ነገርኳት።

እጄን ያዘች፤ ክሊኒክ የመጣ ውሻ እግር እንደምታይ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ደግ አደረገ» አለች።

«አዎ፣ ደግ አደረገ።»

«ከዚያስ? ምን ሆነ?»

ይህንንስ ባትጠይቀኝ። «ቀፎው ውስጥ እንዳለ በዘነዘና ቀጠቀጥኩት» አልኳት። «መዞሪያ አልነበረውም። እስኪሞት ቆየ።»

እጄን ለቀቀችው።

በወሩ ሄደች። ኤርፖርት ያደረሳት ሌላ ሹፌር ነው። የእኔ ታክሲ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ሻንጣዋ ይገባል ብዬ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከማለዳ ጀምሬ ባዶ አድርጌው ነበር።