የስምንት ሰዓት ባሕር

ስሜን ከደብተሮቼ ላይ የቀደደው የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የቀደደውም አምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ እሱም የእኔን አልጻፈም።

ወጣት ሳለን ምጽዋ ወደቡ ላይ አብረን ነበር የምንሠራው፤ ባሕርና ዓሣ በሚጠናበት አንድ ትንሽ ጣቢያ። እሱ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ እኔ ውኃ እለካለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ እስከ መርከብ ማቆሚያው ጫፍ እሄዳለሁ፣ ባልዲ በገመድ አስሬ ወደ ባሕሩ እጥላለሁ፣ የወጣውን ውኃ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ቴርሞሜትር እነክራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዓሣ ሞቶ ከተንሳፈፈም እሱን። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል። ስድስት ዓመት ሠራሁት። እሱ ሪፖርቱ ላይ «ለካን» እያለ ይጽፋል። ባልዲዋን አንድ ቀን እንኳ ነክቷት አያውቅም።

ጦርነቱ መጥቶ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ድስት ይሸከም ነበር። እኔ ስድስት ደብተር ተሸከምኩ። ኮልፌ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ደብተሮቹ ቁም ሣጥን ላይ፣ ጣሪያው በማያፈስበት በኩል ኖሩ።

አምና ይህ ሰው ዶክተር ሆኖ መጣ። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ጫማውን እያየ በጭቃው ተሻግሮ።

«አንቺ፣ አሁንም እዚሁ ነሽ?» አለኝ።

«የት ልሄድ ኖሯል?»

«ቆጣ ቆጣ ማለቱ አልለቀቀሽም! ደብተሮቹ አሉ አይደል? በእናትሽ አሉ በይኝ።»

አሉ አልኩት። የአየር ንብረት ለውጥ በቀይ ባሕር ላይ ያመጣውን ለማወቅ የድሮው ሙቀት መታወቅ አለበት ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። እሱ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ። አለዚያማ ለምን ተሸከምኳቸው?

«ስሜ ይገባል?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው! ካንቺ በፊት የማን ስም ሊገባ?»

ሁለት ኪሎ ብርቱካን አስቀምጦ፣ ስድስቱን ደብተር ይዞ ሄደ።

ጾሙ እንደገባ ደብተሮቹን በሾፌር በፌስታል መለሰልኝ። ከሁሉም ላይ ሽፋኑና ስሜ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ የለም። ደወልኩለት።

«አሮጌ ወረቀት አይደል፣ ስካን ሲደረግ ተገንጥሎ ይሆናል» አለኝ።

የተገነጠለ ወረቀት ጠርዙ ይንጨባረራል። ይኼ በማስመሪያ የተቀደደ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው።

ጥናቱ በክረምቱ አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ታተመ። ልጄ አስኮ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ አትማ አመጣችልኝና እየተረጎመች አነበበችልኝ። ስሜ የለም። መጨረሻው ላይ ልኬቱን ለሰበሰቡ የአካባቢው ሠራተኞች ምስጋና ይድረሳቸው ይላል።

«የአካባቢው ሠራተኞች ማለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔና ባልዲው ነን።»

ሳቀች። ከዚያ አንድ የተሳለ መስመር አሳየችኝ። «ይኼውልሽ፣ አራተኛው ዓመት ላይ ውኃው በአንዴ ዘሎ ሞቋል። ትልቁ ግኝታቸው ይኼ ነው።»

አየሁት። ወዲያው ገባኝ፤ ግን ያን ቀን ምንም አልነገርኳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው አለቃችን የውጭ ሰው ስለነበር ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንድመዘግብ አዘዘኝ። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የለካሁትን «8»፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የለካሁትን «2» ብዬ እጽፍ ነበር። አለቃው ሦስት ዓመት ሠርቶ አገሩ ገባ። ወባ ሲጥለኝ በእኔ ቦታ የሚለኩት የጥበቃው ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው እንዳይምታታባቸው በሐበሻ ሰዓት አደረግኩት። ጠዋቱ «2»፣ ቀኑ «8» ሆነ። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ይህንንም አራተኛው ደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስሜ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ነበር። ስሜን ሲቀድ አብሮ ቀደደው።

ደብተሩን ራሱ ቢያነበው፣ «8» ከ«2» በልጦ መሞቁን አይቶ በአንድ ደቂቃ ያውቀው ነበር። ለሌላ ሰው ሰጥቶ «8» ከሚለው ሥር ያለውን ብቻ በኮምፒውተር አስለቀመ፤ ጠዋት ነው ብሎ። እስከ ሦስተኛው ደብተር ጠዋት ነው። ከአራተኛው ጀምሮ የምጽዋ ጠራራ ፀሐይ ነው። የዘለለው ባሕሩ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው።

መስከረም ላይ ደወለ። ከውጭ አገር አንድ ባለሙያ ስለዚያ ዝላይ ጠይቆት ኖሯል።

«እቱ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ?»

«አለ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አራተኛው ዓመት ላይ ቴርሞሜትር ቀይረሽ ነበር?»

«አልቀየርኩም።»

«ባልዲውንስ? የምትለኪበትን ቦታ?»

«ያው ባልዲ፣ ያው ቦታ።»

«ተባረኪ! እኔም እንዲሁ ብዬዋለሁ።»

ውሸት አልነገርኩትም። ሰዓቱን አልጠየቀኝም።

አንድ ወር ያህል ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ አንዱ ተነሥቶ ሲያሳፍረው በዓይነ ኅሊናዬ አየው ነበር። ከዚያ ይህን ማሰቡም ደከመኝ። ለልጄ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«እማዬ፣ እሱ ይዋረድ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ተማሪዎቼ ግን ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ቲቸር፣ ዓለም ሞቀች የሚባለው ፈጠራ ነው› ይሉኛል። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሰሙ እውነቱንም አብረው ይጥሉታል።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«የተሳሳተው እኮ ያንቺ ቁጥር ነው።»

ተነሥቼ ደብተሮቹን አወረድኩ። ስሜ ቢቀደድም የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብለን ሠራነው። እኔ እያነበብኩላት፣ እሷ ጠዋቱን ከጠዋት፣ ቀኑን ከቀን ጋር አስገባች። ዝላዩ ጠፋ። ጥናቱ ላይ ያለውን የዛሬ ልኬት ከጎኑ ስታስቀምጠው ግን ባሕሩ ሞቋል። በአንዴ አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ ጠዋቱም ቀኑም። አንድ ደብተር ጥግ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ የሚሉትን ጽፌ አገኘሁት፦ «ውኃው ትኩሳት ይዞታል።» ያኔ ለቀልድ ነበር የጻፍኩት። ልጄ ለመጽሔቱ በምንጽፈው ደብዳቤ ይግባ አለች፤ አስገባነው።

ደብዳቤውን እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከደብተሮቹ ፎቶ ጋር ላክነው። ለእሱ ግልባጭ አላደረግንለትም። ስለ ተቀደደው ገጽ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ የመጀመሪያው ገጽ የለም። የእሱን ስም አላነሣሁም። የራሴን እስከ አያቴ ጻፍኩ። አዘጋጆቹ ነግረውት ይሆናል፣ በማግሥቱ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሣሁም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለጉልበቴ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሄድኩ።