የማይገጥሙት ሁለት ድንቾች

...እኔም ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ሞለኪውል ሥለው «አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው» ሲሉ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ የገባው ሰው ግን...

ለማንኛውም፣ ዛሬ ጠዋት ይህን እያሰብኩ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ስቴኪኒ ለመንኩ። አስተናጋጇ እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝና «ጋሼ፣ በሬ ነው እንዴ የበሉት?» አለችኝ።

ክፍል ስደርስ ሰሎሜ የምትባል ተማሪዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ልተወው ነው። አልገባኝም።»

ፈራሁ። ማስረዳት ያቃተኝ እኔ ብሆንስ?

ክፍል ገብተን ከቦርሳዬ ድንች አወጣሁ። ድንቹ ካርቦን ሆነ። አራት ስቴኪኒ ሰካሁበት፤ በየጫፉ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት። ከዚያ በመስታወት የሚታየውን መልኩን በሌላ ድንች ሠራሁ።

«ያው ናቸው» አለ አንዱ ከኋላ። «ሁለቱም ጥብስ ናቸው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰሎሜ አልሳቀችም። ሁለቱን ተቀብላ አገላበጠች። ቃሪያው ሲገጥም ካሮቱ እምቢ አለ፤ ካሮቱ ሲገጥም ሽንኩርቱ። ድንገት አስቀመጠቻቸውና መዳፎቿን አየች።

«መምህር! እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው እኮ! መቼም አይገጥሙም!»

ደስታዬን ለመደበቅ ዞሬ ሰሌዳውን ጠረግሁ። ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

እናንተስ? አልገባ ብሏችሁ የኖረ ነገር በምን ተገለጠላችሁ? ጻፉልኝ፤ ለነገው ክፍል ያስፈልገኛል።

ሰሎሜን «ትምህርቱን ትተዪዋለሽ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ሁሉም ከወጡ በኋላ ድንቾቹን በሻርፕዋ ጠቀለለቻቸው።

«ነገ እመልሳቸዋለሁ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።