ጀፎረ ነው ያልኩት መንገድ

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ መኪና የማይገባበት አንድ መንገድ ነበር። ቀበሌው ጫፍና ጫፉን በድንጋይ ስለዘጋው እግረኛ ብቻ ይመላለስበታል። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ መሀሉን ቆጮና ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ይዘውታል። አክስቴ ከነሱ አንዷ ነበረች። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ፣ እዚያ ተቀምጣ በሸጠችው ቆጮ ያስተማረችኝ እሷ ናት። «አዶት» እላት ነበር፤ በእኛ አገር እናት እንዲህ ነው የምትጠራው።

ተምሬ ምን ሆንኩ? የማዘጋጃ ቤት የመንገድ ቴክኒሺያን። ከዚያ መንገድ ያስነሳኋትም እኔ ነኝ።

ሱቆቹ ገበያ ርቋቸው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው አስፋልቱ ዳር ይወርዳል፣ እዚያው ይገዛል፣ እዚያው ይሳፈራል። ባለሱቆቹ ከጨርቃቸው ላይ አቧራ ሲያራግፉ እየዋሉ «ድንጋዩ ይነሳ፣ መኪና ይግባ» የሚል አቤቱታ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ኮብልስቶን አልብሶ ለመኪና ሊከፍተው ወሰነ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ለቆጮ ሻጭ አንድ ክንድ ቦታ አልተውኩም። ሴቶቹ ከተማው ዳር ወዳለው አዲስ ገበያ ይሂዱ ተባለ። አዲስ ገበያ የተባለው ጭቃ ነው።

ሴቶቹ እምቢ አሉ። ከፊት የቆመችው አክስቴ ነበረች። አለቃዬ በግምገማ ላይ «አክስቱን ማስነሳት ያቃተው ሰው ነው ከተማ የሚቀይርልን?» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አለቃዬ የማያውቀውን አንድ ነገር እኔ አውቅ ነበር። በገጠራችን ቤቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩት በጀፎረ ነው፤ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ የሁሉም የሆነ መንገድ። ከብት ይውልበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለሞተ ሰው ይለቀስበታል። አጥሩን አንድ ስንዝር ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ነውሩ ለልጆቹም ይተርፋል። አክስቴ አጥር ገፋህ ብላ የገዛ ወንድሟን፣ አባቴን፣ ለሽማግሌ የከሰሰች ሴት ናት።

በሕዝብ ስብሰባው ላይ ተነሳሁና «ይኼ መንገድ የከተማችን ጀፎረ ነው» አልኩ። «አገር ቤት ብንሆን ጀፎረ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ምን ይባል ነበር?» አክስቴን ልማት ብላት ትስቅብኝ ነበር። ጀፎረ ስላት አንገቷን ደፋች። ስታፍር አየሁ፤ ደስም አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ማንም ሳያስገድዳት የምትቀመጥበትን ድንጋይ አንከባልላ ዳር አወጣችው። ሌሎቹም ተከትለዋት ተነሱ። «ባጎረስኩ ተነከስኩ» ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን «ጀፎረ መሆኑን አላሰብኩትም፤ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

መንገዱ ተሠራ፣ ባጃጁ ገባ፣ ባለሱቆቹ ደስ አላቸው። አክስቴ ግን አዲሱ ገበያ ላይ ሰው አልመጣላትም፤ ቆጮው እየደረቀባት መሸጡን ተወችው። አንድ ቀን በመንገዱ መሀል፣ ጀፎረ ላይ እንደሚኬደው ግራና ቀኝ ሰላምታ እየሰጠች ስትመጣ የባጃጅ ሹፌር «አንቺ አሮጊት፣ ዞር በይ!» ብሎ ጮኸባት። በቀጥታ ቢሮዬ መጣች።

«ጀፎረ ላይ ከብት እንኳ ይተኛል። እኔን ለምን ያባርረኛል? ጀፎረ ነው አላልክም?»

«ነው አዶት። ዳር ዳሩን ሂጂ።»

«እንግዲያው ስሞት እዚያ አልቅሱልኝ» አለች። «ጀፎረ ላይ ለቅሶ አይከለከልም።»

«እሺ» አልኳት። ከቢሮዬ እንድትወጣልኝ ነበር የቸኮልኩት።

ሁለት ክረምት አልቆየችም። የሞተች ዕለት የዕድሩ ዳኛ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ የነበሩ ሽማግሌ፣ ድንኳን አስይዘው ወደ እኔ መጡ። ኑዛዜዋን ሰምተዋል። መንገድ ለለቅሶ የሚዘጋው በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ላይ የምፈርመው ደግሞ እኔ። በማግስቱ ከዞን እንግዶች መጥተው መንገዱን ሊጎበኙ ቀጠሮ ነበር።

«ከመንገዱ ወጣ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት ጀርባ ትከሉት» አልኳቸው።

«ጀፎረ ነው ብለኸን አልነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«ለእሷ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው።»

ዓይኔን አዩኝና ድንኳኑን አስይዘው ሄዱ። በማግስቱ ለእንግዶቹ ተብሎ ባጃጆቹን ከመንገዱ አስወጣናቸው። እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጭቃ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እንግዶቹ ሲመጡ እንድጠራ እጠብቅ ነበር። ሳይመጡ ቀሩ። መንገዱ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ባዶውን ዋለ።