ሽቅብ የቆመችው ፒክአፕ

የጎረቤቴ ልጅ ዛሬም ጠዋት ማኪናውን ለማስነሳት ሲታገል ነበር። ቅርርር፣ ቅርርር፣ ዝም። የባትሪው ራስ ላይ ያለው ነጭ ዝገት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ትንሽ ሙቅ ውሃ አፍስሶ በጨርቅ መጥረግ ከብዶት፣ ጎማውን ግን በየቀኑ ያጥባል። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። ጌጡን አስታወሰኝ፤ በወጣትነቴ ሊያገባኝ የነበረውን።

ኮሶዬ፣ የደባርቅ መንገድ ዳር ነው ያደግሁት። የጥር ብርድ እዚያ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያድር ሾፌር ሁሉ ማኪናውን ፊቷን ቁልቁል አድርጎ ያቆማታል። ባትሪው ቢሞት ተንደርድራ ትነሳለች። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ጌጡ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቴ የሰጠኝ ለሰውየው ሳይሆን ለፒክአፗ ነው ብል ውሸት የለበትም። "ማኪና ያለው ሰው ዘንድ ልጄ አትራብም" አለ፤ አለቀ።

የሠርጉ ዕለት፣ በልማዱ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እኛው ቤት አደረ። ፒክአፗን ዳሱ ደጃፍ ሽቅብ አቆማት፣ እንግዳው ሁሉ ፊቷን እንዲያይለት። ሞተሩን አጥፍቶ መብራቱን አበራ፣ ቴፑንም ለቀቀው። ጠላው እስኪያልቅ እንዲሁ ሲጮህ አመሸ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ፤ ሙሽራ አታወራም ተብያለሁና ምላሴን ነከስኩ። አባቴ ግን አላስቻለውም።

"ልጄ፣ ምነው? ወደ ቁልቁለቱ ብታዞራት ሸጋ ነበር።"

"አባባ፣ ይቺ እኮ በቅሎ አይደለችም" ብሎ ሚዜዎቹን አሳቀ። በገዛ ደጁ ሳቁበት፣ ወራዶች!

ሲነጋ ማኪናዋ ድርቅ አለች። ሚዜዎቹ፣ ወንድሞቼ፣ አዲስ ኩታውን የለበሰው አባቴም ሳይቀር እየገፉ ፊቷን አዞሯት። ጌጡ መሪውን ይዞ "ግፉ እንጂ! የበላችሁት የት ገባ?" ይላል። ከዚያ አጠገቡ ጋቢና ውስጥ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረ። "ውረጂ፣ ክብደት ነሽ።" ሙሽራው ለሙሽራይቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ወረድኩ።

ማኪናዋ ቁልቁል ተንደረደረች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጌጡ ግን አልቆመም! ሚዜዎቹ "ኧረ ሙሽራዋ! ሙሽራዋ!" እያሉ ይሮጣሉ። እሱ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ፈርቶ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ጎንደር እብስ አለ። ወይ ጉድ! የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ባትሪ አይለምንም፤ ማርሽ አውጥቶ ቢያቆማት ሞተሯ ሳይጠፋ እስከ ማታ ትጠብቀው ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

ከሰዓት በኋላ ባትሪ አስቀይሮ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ተመለሰ። ታምኑኛላችሁ? አሁንም ሽቅብ አቆማት። እኔ ቬሎዬን አውልቄ፣ ተቀምጬ ከድግሱ የተረፈውን ዶሮ እበላለሁ። ሙሽራ አታወራም ቢባልም አወራሁ።

"ሞተሩን ከመረጥክ ከሞተሩ ጋር ኑር። እኔ ክብደት ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ አባቴን አዩት። አባቴ ኩታው ላይ የቀረውን የማኪና ጥላሸት አሳያቸውና "ሰማችኋት" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ማኪና ሲያወራ አልሰማሁትም።

አገሩ "ዕድሏን ረገጠች" ብሎ አማኝ። ይማ! አሁን ከኮሶዬ ድንች የማመላልስባት የራሴ ፒክአፕ አለችኝ፤ ውርጭ ሲሆን የባትሪዋን ሽቦ ነቅዬ፣ ፊቷን ቁልቁል አድርጌ አሳድራታለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። "እትዬ፣ የሚገፋኝ ሰው ይጥሩልኝ።"

"እኔም እገፋሃለሁ" አልኩት። "እሷን ግን እንዳታወርዳት።"