የጥብስ ቅጠል ዘይት

ዕድሜ ለሶሻል ሚዲያ፣ ፀጉር ያበዛል ሲባል ሰምቼ የጥብስ ቅጠል ዘይት ልገዛ ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ሱቅ ገባሁ፤ ብቻዬን። ሻጯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ አንድ ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረዱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ኃይለኛ ነው፤ እንዲሁ አይቀቡትም። ሁለት ጠብታ በወይራ ዘይት በጥብጪና መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው። ካላሳከከሽ በማግስቱ ራስሽን ትቀቢያለሽ።»

ልቀበል እጄን ስዘረጋ ብልቃጡን ሰበሰቡት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ይቅርባችሁ» አሉ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«ሦስታችሁንም ይጎዳችኋል» ብለው ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ መለሱት።

ሴትዮዋ ነክቷቸዋል ብዬ በፍጥነት ወጥቼ ሰሚት ወደሚገኘው ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ፣ ሰሞኑን የጀመረኝ ማቅለሽለሽ ሲብስብኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሆዴን በአልትራሳውንድ ሲያይ ቆየና ፈገግ አለ።

«መንታ ነው።»