ምች ያልመታው ፊት

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በንግድ ዋሽቻለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። «በምን ነገር?» ሲሉኝ «በዚህም በዚያም» አልኳቸው። ነጋዴ ሁሉ የሚለውን ያልኩ መስሏቸው ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሰገድኩ። ግን ያልተናዘዝኩትን ኃጢአት በስግደት ልጨርሰው እችላለሁ? እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ድፍረቱን ያገኘሁት ለዚህ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነውና ጽሑፌን ታገሡኝ።

ቃሊቲ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ቤት ተከራይተን ስንኖር የፊት ቅባት እየሠራሁ እሸጥ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ እኔንና ልጄን ሕይወትን ያኖረን ይኸው ቅባት ነው። መጀመሪያ፣ እውነቴን ነው፣ ምንም አልጨመርኩበትም። ከአጥር ሥር የተከልኩት እሬት፣ ማር፣ የተልባ ውኃ፣ ትንሽ የጥቁር አዝሙድ ዘይት። በቃ። ደንበኞቼ የፋብሪካ ልጆች ነበሩ። ክዳኑን ከፍተው ያሸቱና «ኬሚካል የለውም አይደል?» ይሉኛል። «የለውም» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይገዛሉ፤ በሳምንቱ ፊታቸውን አኮሳትረው ይመለሳሉ። አንዷ ምላሰኛ በጓደኞቿ ፊት «እትዬ አልማዝ፣ ይሄ ነገር የሚቀባ ነው የሚበላ? ፊቴ እንደሆነ ያው ነው፤ ዳቦ ላይ ልሞክረው እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ። የተፈጥሮውን ይፈልጋሉ፤ ግን እንደ ኬሚካሉ ቶሎ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። እሬት ደግሞ ቶሎ አይሠራም። ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ብጉር ነቅሎ አይጥልም።

ከዚያ አንዲት ፀጉር ሠሪ ወዳጄ መላውን ነገረችኝ። ከፋርማሲ የሚገዛ የቱቦ ቅባት አለ፣ ለሚያሳክክ ቆዳ የሚታዘዝ። «ትንሽ ጣል አድርጊበት» አለችኝ። ጣል አደረግኩበት። የሁሉም ፊት በጥቂት ቀን ጠራ። ደንበኛ በደንበኛ ሆንኩ። ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ልጄ ሕይወት በቆንጆ የእጅ ጽሑፏ ትጽፍልኝ ነበር፤ «ንጹሕ የተፈጥሮ» የሚል። ስለ ቱቦው አታውቅም። የእሷን ቅባት ግን ለብቻ ነበር የምሠራላት፤ እሬትና ማር ብቻ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ለልጄ ለምን ለየሁላት? ባላውቅ ኖሮ እለይላት ነበር? ምን እንደሚያደርግ ለይቼ ባላውቅም፣ ለልጄ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ለሰው ልጅ ግን ሸጥኩት።

መስከረም የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነበር፤ ከሕይወት ጋር አብረው አድገዋል። ልብስ ቤት በሽያጭ ልትቀጠር ስትል ብጉሯ አሳፈራትና ወደ እኔ መጣች። ተቀባች፣ ፊቷ አበራ፣ እናቷ መረቁኝ። ከወራት በኋላ ግን ፊቷ ቀላ። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ደም ሥሯ ይታይ ጀመር። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች እጇን ይዘው ገቡ።

«አልማዝዬ፣ ልጄን ምች መታብኝ! ፊትሽን ታጥበሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ ብላት፣ ብላት፣ አልሰማ አለች!»

አየኋት። ምች አልነበረም። የእኔ ቱቦ ነበር።

«አዎ፣ ምች ነው» አልኩ።

በዚህም አላበቃሁም። ከደጄ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ በመዳፌ አሽቼ፣ በዚያ በተላጠ ፊት ላይ ጨመቅኩት።

«እትዬ፣ ያቃጥላል» አለችኝ።

«ሲያቃጥል ነው የሚሽረው።»

«ቅባቱንስ ልተወው?»

ከተወችው ፊቷ ብሶ እንደሚፈነዳ በሌሎች ደንበኞቼ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይነቃብኛል። ፈራሁ። «ኧረ አታቋርጪ! የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

ቀጠለች። ፊቷ ጠቋቁሮ ቀረ፤ ሥራውም ቀረ። ውኃ ልትቀዳ እንኳ በነጠላ ተሸፋፍና ነበር የምትወጣው። እናቷ «በገዛ እጅሽ!» እያሉ ሲቆጧት በግድግዳው እሰማ ነበር። በገዛ እጇ! ሄጄ «በእኔ እጅ ነው» ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። አልፈለግኩም። ቅባት መሸጡን ተውኩ፤ እሱም ፍርሃት ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም።

አሁን የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት መስከረም በሬን አንኳኳች። አግብታ፣ ወልዳ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው ያለችው። ያዘለቻት ሕፃን ጉንጮቿን ችፌ ወርሷቸዋል።

«እትዬ፣ ያ የተፈጥሮ ቅባትዎ አለ? ለሕፃን የፋርማሲ ነገር ፈራሁ።»

«ትቼዋለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ሠፈራችን የምትሸጥ አለች። በሦስት ቀን ድራሹን ያጠፋል አሉኝ። እንደ እርስዎ ነው፣ ኬሚካል የለውም።»

«እንዳትገዢ!» ብዬ ጮህኩ። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። «በሦስት ቀን የሚያጠፋ እሬት የለም። የፋርማሲ የቱቦ ቅባት ይቀላቅሉበታል። ሐኪም ሳያያት ምንም እንዳትቀቢያት!»

«እርስዎ እንዴት አወቁ?»

የመናገሪያው ሰዓት ይኼ ነበር። የጠቆረው ጉንጯ ፊት ለፊቴ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ሰው ሲያወራ ሰማሁ» አልኩ።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። «ልጄን አተረፉልኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «እኔ የራሴን ፊት ምክር ባለመስማቴ አበላሸሁት። የእሷን እንኳ ልጠብቅላት።» ደጋግማ አመስግናኝ ወረደች።

ለምን አልነገርኳትም? ወረቀቱን የጻፈችው ሕይወት ናት፤ ብትሰማ በምን ዓይኗ ታየኛለች ብዬ ፈራሁ። የእትዬ ዘነበችን እርግማን ፈራሁ። እስር ቤትም በሐሳቤ መጣ። ሁሉም ፍርሃት ነው፤ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷንስ እንዴት ብዬ ልጠይቃት? የበደላት ሰው እንዳለ አታውቅም። እስከ ዛሬ የምትከሰው ራሷን ነው።