መጀመሪያ ስማቸውን ፈለጉ

«አንድ ፊደል ብትስቺ ሰዉ ይገባዋል፤ ዝም ብለሽ ላኪ!» ይለኝ ነበር አዲስ አበባ ያለው አርታኢዬ በስልክ። ያናድደኛል! እሱ አንባቢዎቹን አያውቃቸውም፤ እኔ ግን ቆቦ ነው የምኖረው፤ በማግስቱ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ።

አንድ ሰሞን ጎብዬ አካባቢ ስለተበላሸ የመስኖ ፓምፕ አንድ አዛውንት ገበሬ አነጋገርኩ። ስማቸውን ስጠይቃቸው በያዙት ዱላ አፈሩ ላይ ጻፉልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት።

ዘገባው የወጣው በገበያ ቀን ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ዘገባውን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ርዕሱን አላዩትም፤ የማሳቸውን ፎቶም ዘለሉት። መሠረተ ትምህርት በተማሩበት ልማድ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ስማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ጣታቸው በነካው ቁጥር ጽሑፉ ይሸሻል፤ እሳቸውም እየተቆጡ ይመልሱታል።

አገኙት! ቀስ ብለው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«አልሐምዱሊላህ! እኔው ነኝ!» ብለው ሲጮኹ ሻይ ቤቱ ግልብጥ ብሎ ተነሥቶ ከበበን። ሁሉም ስልኩን ለማየት ይጋፋል።

አንድ ነጋዴ ግን፣ «አባባ፣ ገና ስምዎን ብቻ እኮ ነው ያነበቡት። ስለ ፓምፑ እውነቱን መጻፏን በምን አወቁ?» አላቸው።

አዛውንቱ ስልኬን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ነጋዴውን በመገረም አዩት።

«ስሜን ያልሳተች ልጅ» አሉት፣ «ያንን የሚያክል ፓምፕ ትስታለች?»